ለዘንዶው የተሳልኩት ጃንጥላ

ሰሞኑን ቴሌቪዥኑ ከሲያትል በሰሜን በኩል ያለው ወንዝ ሞላ ብሎ ሲያሳይ ባለቤቴ አልማዝ ተነስታ አጠፋችው። እኔም ለምን አላልኳት። ወንዙን እናውቀዋለን።

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ገና ጉልበት ነበረኝ። ሲያትል አንድ ሆቴል አትክልት ስኮተኩት ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ ሽማግሌ አብሮኝ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን መኪናው ተበላሽታ ወደሚሳለምበት ቦታ እንዳደርሰው ራይድ ለመነኝ፣ ወሰድኩት። በባሕር ሣር የጠቀለለውን ቀዝቃዛ ሩዝ መንገድ ላይ አካፈለኝ፤ ጨው ጨው ይላል። ከሃይዌዩ ስንወጣ ዛፉ ከላይ ተገጣጥሞ ቀትሩን አጨለመው። ግንዱ ሁሉ አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል። በዚያው ቴሌቪዥኑ ባሳየው ወንዝ ዳር ሺንቶ የሚሉት የጃፓኖቹ እምነት መቅደስ አለ፤ የሚመለክበት የውሃና የዝናብ ዘንዶ ነው አለኝ። ጊዮርጊስ የወጋውን እነሱ ይሰግዱለታል! ማተቤን ጨብጬ መዝጊያ የሌለው በራቸው ላይ ቀረሁ።

ሰዉ ግን እጁን ታጥቦ፣ አፉን ተጉመጥምጦ፣ ዝም ብሎ ይገባል። ዝምታው የደብር ዝምታ ነው። አልማዝ ያኔ አርግዛ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል። ሳላስበው አፌ፣ «ይቺን በሰላም ብታገላግልልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» አለ፤ እንዳገሬ ወግ። ለማን እንደተሳልኩ ሲገባኝ አማተብኩ። ከታች ወንዙ ያጉረመርማል።

ሴት ልጅ ተወለደች፣ ጠንካራ። ለአልማዝ ነገርኳት።

«ለዘንዶ? አበድክ እንዴ አንተ ሰውዬ!»

«አንዴ ከአፌ ወጥቷል።»

«በል ጃንጥላውን ለጊዮርጊስ ስጥ።»

«ለአንዱ የተሳሉትን ለሌላ አይሰጡም» ብዬ ድርቅ አልኩ። ስለት ያስቀረ ሰው ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ፤ የሚደርሰውም በልጁ ነው።

ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ይዤ ከኬንጂ ጋር ተመለስኩ። ዝናቡ ያወርደዋል፤ ወንዙ ደፍርሶ ድንጋይ ያንከባልላል። ነጭ የለበሰው ካህን ጃንጥላውን አየና ለኬንጂ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለው።

«አይቀበልም» አለኝ ኬንጂ። «ዝናቡ የእሱ ነው። በዝናብ ጌታ ላይ ጃንጥላ አይዘረጋም።»

«ታዲያ ምን ልስጠው?»

«ስገድ፣ አጨብጭብ፣ አመስግን። በቃ።»

«እሱን አልችልም። ሌላ ጠይቀኝ።»

«የምጠይቅህ እኔ አይደለሁም» አለና ወደ ወንዙ ዞረ።

አልሰገድኩም። ጃንጥላዬን ታቅፌ ወጣሁ። 

ዛሬም ቢሉኝ አልሰግድም፤ ዘንዶ ዘንዶ ነው። ልጄ ይኸው አድጋ፣ ተድራ፣ እዚሁ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ትኖራለች። ትምህርት ቤት ዋና ሲያስተምሩ ከውሃ ላርቃት ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሐይቅ በከበበው አገር ዋና ሳታውቅ ቀረች። ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ፤ ደስታዋ ለጉድ ነው። ባሏ ጀልባ ገዛ።