«ወባ የለም» የሚለው ወረቀት

የጸጥታ ሰዎች ከሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሲያወጡኝ ነጩን ጋውን እንኳ አላስወለቁኝም። በተቃውሞ ሰልፉ ቀን ቆስለው የታከሙትን ሰዎች መዝገብ አምጣ አሉኝ፤ እኔ የክፍሉ ኃላፊ ነኝ፣ አልሰጥም አልኩ። ነገሩ ይኸው ነው። ከደባርቅ በፒክአፕ ጭነው፣ ዳባትን አሳልፈው፣ የእህል መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጣሉኝ። ሰው በጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተኝቷል። ከአንድ የጊች ሽማግሌ ገበሬ አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር፤ የማን እንደነበረ ሳልጠይቅ ተኛሁበት።

መርማሪው በየቀኑ ያስጠራኝና ወረቀት ይዘረጋልኛል። «ጥፋቱ የኔ ነው ብለህ ፈርምና ቤትህ ግባ።» እኔ ደግሞ ስፈጠር ግትር ነኝ፤ ሞቼ እገኛለሁ አልኩት።

በዚህ መሀል ገበሬው ሽማግሌ ትኩሳት ያዛቸው። ጥቂት ቀን ያነድዳቸውና ይተዋቸዋል፤ ዳኑ ስንል ይመለሳል። የሁላችንም ልብስ ስፌት ቅማል ነው። ማይክሮስኮፕ አላስፈለገኝም፤ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ነው፣ ካልታከመ ይገድላል። ጤና ጣቢያ ወስደው ያንኑ ቀን መለሷቸው።

«ወባ የለባቸውም። አስመሳይ!» አለ ጠባቂው ወረቀቱን እየወረወረ።

«ኧረ ዶክተር፣ ምን ይሻለኛል?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ዶክተር አይደለሁም አባቴ፣ ደም ነው የምመረምር።»

«ታዲያ የኔን እይልኛ!»

ወረቀቱን አነሳሁ። የእጅ ጽሕፈቱን አወቅሁት። እኔ ያሠለጠንኩት፣ ኋላ ወደዚህ ጤና ጣቢያ የተዛወረ ባለሙያ ነው። አንድ ጊዜ ወባ እይ ተብሎ ግርሻ አገኘሁ ብሎ ቢጽፍ፣ «ያልታዘዝከውን ማን ጻፍ አለህ?» ብዬ በሰው ፊት አንባርቄበታለሁ። ደንቡንም ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር። ሁለቱም በአንድ የደም ናሙና ይታያሉና አሁንም ግርሻውን እንዳየው አልጠራጠርም፤ ደንቤን ፈርቶ ነው ያልጻፈው።

«አንተ ቦታ የነበረውንም ሰውዬ ወባ የለህም ብለውት ነበር» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «በብርድ ልብስ ጠቅልለው ነው ያወጡት።»

ከጠባቂው ብዕር ለመንኩ።

«እስረኛ አይጽፍም።»

«ኮሌታህን ገልጠህ እይ እስቲ። ቅማሉ እስረኛና ጠባቂ ይለያል?»

ገለጠና አየ። ብዕሩን ሰጠኝ፤ «መርማሪው ሳያነበው ግን አይወጣም» አለ።

ይህን እያወቅሁ በወረቀቱ ጀርባ ለዚያው ባለሙያ ጻፍኩ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ደንቤን ተወው፤ ያየኸውን ሁሉ ጻፍ።» ሙሉ ስሜን አክዬ ፈረምኩ።

መርማሪው አንብቦ ሳቀ። «ይኸው ጻፍክ አይደል!»

«ጻፍኩ። ሽማግሌውን ከወረቀቱ ጋር ይላኩልኝና ያሻዎትን ያድርጉበት።»

በስልኩ ፎቶ አነሳውና ላካቸው። ውጤቱ ተመለሰ፤ «ግርሻ ተገኝቷል» ይላል። ሽማግሌው መርፌ ተወግተው ዳኑ። ፎቶዋ ግን «ጥፋቱ የኔ ነው» ከሚለው በቀር ሌላው ተቆርጦ ፍርድ ቤት ቀረበችብኝ፤ በእሷ ሰበብ የእስር ወራት ተጨመረብኝ።

ስፈታ መጀመሪያ ያደረግሁት ያን ደንብ ከግድግዳው መቅደድ ነው። ወዳጆቼ ዛሬም «አስገድደው አስፈርመውህ ነው» እያሉ ያጽናኑኛል። ማንም አላስገደደኝም። በሥራ ዘመኔ ስንትና ስንት ውጤት ፈርሜያለሁ። ቦታው ላይ የተኛሁበትን፣ ስሙን እንኳ የማላውቀውን ሰውዬ ሳስብ ግን፣ እንደዚያች ወረቀት እውነት የሆነ ነገር የፈረምኩ አይመስለኝም።