አሮጌው ፊርማ

በነጻነቱ የመጀመሪያ ዓመታት አስመራ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ የሚታተምበት ቢሮ ፕሮግራመር ነበርኩ። በየወረቀቱ ግርጌ ኮምፒዩተሩ ከባለቤቱ ስምና ልደት አስልቶ የሚያወጣው ረጅም ቁጥር አለ፤ እኛ «ፊርማ» እንለው ነበር። ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በሱ ነው። ቁጥሩን የሚያሰላው የፕሮግራም ክፍል ከአዲስ አበባ የወረስነው ስለሆነ በአዲስ ይተካ ተባለ። ያልገባበት ፕሮግራም አልነበረም፤ ከማተሚያው እስከ ድንበር ኬላው መፈተሻ ድረስ እየፈለግሁ ስነቅል ከረምኩ።

«ሰው ወረቀቱን እስኪቀይር፣ አሮጌውን ለመፈተሻ ብቻ እንተወው» ብዬ ነበር።

«ኣይፋል! በፍጹም! አንድም እንዳይቀርልኝ» አለ አለቃዬ። ከሜዳ የገባ ታጋይ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ ነገር ከያዘ ግን አይለቅም።

ሻሂ የምታመጣልን የወሎ ሴት በዚያ ሰሞን ልቧ ተሰቅሎ ነበር። ደሴ ያሉት እናቷ በጠና ታመውባታል። ባሏና ሁለት ሴት ልጆቿ ደግሞ እዚሁ አስመራ፣ ቃሓውታ ሰፈር ናቸው። ደሴ ደርሳ የምትመለሰው በዚያችው አሮጌ የመኖሪያ ወረቀቷ ነው።

ሥራው ያለቀ ዕለት አለቃዬ የሚሞክርበት አሮጌ ወረቀት አጣና ወደሷ ዞረ።

«ወረቀትሽን ይዘሻል? ለሙከራ ነው፣ አሁኑኑ እንመልሳለን።»

«ለናንተማ ምን ይከለከላል፣ ወላሂ!» ብላ ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችው።

ኮምፒዩተሩ «ሐሰተኛ» ብሎ ጻፈ። አሮጌው ፊርማ ከሥሩ ተነቅሏል ማለት ነውና አጨበጨብን። እሷም ስቃ አብራን አጨበጨበች።

አዲሱ መፈተሻ ገና ኬላው ላይ አልተጫነም፤ ሐሰተኛ የተባለ ቁጥር ግን ወዲያው ዲስኬት ላይ ይመዘገባል፤ ዲስኬቱም በየሳምንቱ ወደ ኬላው ይሄዳል። ትዝ ሲለኝ ደንግጬ፣ የሷ ይሰረዝ ብዬ አለቃዬን ለመንኩት።

«ማሽን ያለውን በእጃችን ከሰረዝን ማን ያምነናል? አዲስ ታውጣ፣ ቀሊል እዩ።»

ቀላል! የአዲሱ ወረቀት ወረፋ ማለቂያ አልነበረውም። ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት።

«እናቴን ሳልቀብር ቀርቼ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ፣ ወንድሜ?» አለችኝ። በማግስቱ ተሳፈረች።

እናቷን ቀበረች። ስትመለስ ኬላው ላይ አገዷት፤ ወደ መጣሽበት አሏት። ባሏ ልጆቹን ይዞ በራችን ላይ ሲቆም ፕሮግራሙን ደግሜ ፈተሽኩት። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

በዚያው ጠዋት አለቃዬ ጠረጴዛውን ዳሰስ አድርጎ፣ «የሻሂዋ ሴትስ የታለች?» አለኝ።

«ሐሰተኛ ሆና ተገኘች» አልኩት።