የሚመግለው ጆሮዬና እናቴ የደበቀችው

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እስከ ዛሬ ከኋላ ተቀምጬ የሌላውን ምስክርነት ስሰማ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር መቀመጥ አቃተኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ስማዳ ነው። ግራ ጆሮዬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይመግል ነበር፤ ሽታው ሰው አያስጠጋም። ጠበል ገባሁ፣ ሥር አሰርኩ፣ አልደረቀም። ተዳርኩ። ባሌ አንድ ክረምት ታገሠና፣ "ከአንቺ ጋር በአንድ መሶብ መብላት አልቻልኩም" ብሎ ወደ አባቴ ቤት መለሰኝ።

እናቴ ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ ስንቅ ቋጥራ፣ "ተነሺ፣ ደብረ ታቦር ሐኪም አለ አሉ" አለችኝ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኛ አገር መኪና አይደርስም። በእስቴ በኩል አድርገን ሦስት ቀን በእግር ሄድን።

ሐኪሙ ጆሮዬን በመብራት አየና፣ "ታምቡሩ ተበስቷል። መቼ ጀመራት?" ብሎ እናቴን ጠየቃት።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ "ጌታዬ፣ እኔ ነኝ" አለች። "በጨቅላነቷ ስታለቅስብኝ፣ ምች ነው ብዬ ጆሮዋ ውስጥ የጋለ ቅቤ አፈሰስኩባት። ለሰው ተናግሬ አላውቅም።"

"እማማ፣ ሕመሙ ራሱም ይበሳዋል። እርስዎ ነዎት ማለት አልችልም" አላት ሐኪሙ።

እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። እዚያው ለሕክምና ስቆይ ስንት ቀን አላናገርኳትም! የምታመጣልኝን ቆሎ እንኳ ፊቴን አዙሬ ነበር የምቀበላት።

ጆሮዬን የምታጥብልኝ ነርስ አማኝ ነበረች። በየጠዋቱ ፊቷን ሳታዞር መግሉን ትጠርግልኛለች። አንድ ቀን፣ "እህቴ፣ አይቀፍሽም?" አልኳት።

"እኔን ጌታ ከዚህ ከከፋው አጥቦኛል" አለችኝ። ቀጥላም፣ "እናትሽ ደጅ ብርድ ላይ ተቀምጣለች። ለምን አትጠሪያትም?" ስትል ጠየቀችኝ።

ጌታ ሆይ! ያን ጊዜ የከረፋኝ የገዛ ልቤ ነው። ተንበርክኬ፣ "ኢየሱስ ሆይ፣ እኔንም እጠበኝ" ብዬ አለቀስኩ። ወጥቼም እናቴ እግር ላይ ወደቅሁ። "እማዬ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ይቅር በዪኝ።" እሷም አንስታኝ ራሴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ክብር ለስሙ ይሁን!

መግሉ ደረቀ፣ ሃሌ ሉያ! ቀዳዳው አልተደፈነም፤ በግራዬ እስከ ዛሬ ደኅና አድርጌ አልሰማም። ከዚያ በኋላ ግን ከእናቴ ጋር ብዙ ዓመት በአንድ መሶብ በላን። ያረፈችውም እጄን ይዛ ነው። ተመስገን!

ወገኖቼ፣ ሰው የሚሸሸው ቁስል ያለባችሁ፣ ጌታን እመኑት፤ እሱ አይጸየፋችሁም። ያኮረፋችኋት እናት በሕይወት ካለች ደግሞ፣ ከዚህ ስትወጡ ወደ እሷ ሂዱ።