የተነሣው ጉብታ

ሆቴል እንደ እንጉዳይ በፈላበት የባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ አንድ ሸምገል ያለ ትራፊክ ፖሊስ ይቆማል። ዳር ይዞ አይደለም፤ አስፋልቱ መሃል፣ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ በነበረበት ቦታ ነው። ጉብታውን ያስነሡት ባለሆቴሎቹ ናቸው፤ እንግዶቻችንን ያንገጫግጫል ብለው። ፖሊሱ ጉብታው ይመለስ ብሎ የአለቆቹን ደጅ ቢጠናም ሰሚ ጆሮ አጣ። እሱም ራሱ ጉብታ ሆኖ አረፈው። የባሕሩ ጨው የደንብ ልብሱን በልቶታል፤ በግራ እጁ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ የሕፃን ልጅ ቀይ የፀጉር ማስያዣ አጥልቋል።

ዛሬ አንድ የሆቴል ሚኒባስ አፍንጫው ሥር ደርሶ ሲጢጥ ብሎ ቆመ።

«አባት፣ ዞር ይበሉ እንጂ! እንግዶቼን አንገጫገጩብኝ እኮ!» ብሎ ሹፌሩ ጮኸ።

ፖሊሱ ኮፈኑን በጥፊ አጮለው።

«ይንገጫገጩ! የእኔ የልጅ ልጅ ተገጭታ ከነቦርሳዋ ነው እዚህ የቀረችው!»