ኳሷን ያቀበልኩት እኔ ነኝ

ለአጥቂያችን ካባ ሲደርቡላት ፊት ለፊቷ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ኮዬ ፈጬ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ነን። ወረዳው የቀድሞ ስፖርተኞችን ላመሰግን ብሎ እሁድ ጠዋት ሰብስቦናል። ለሌሎቻችን ቆብና ቲሸርት ተሰጠን፤ ካባው አንድ ነው፣ ለእሷ። ቀጥሎ ማይኩን ሰጧት። ያንን የድሮ የዋንጫ ጎሏን እንደገና አወራች።

"ኳሷ መጣችልኝ፤ ዞር ብዬ ለጋኋት" አለች።

ሰው አጨበጨበ። እኔ እግሬን ማሳረፍ አቃተኝ፤ ወንበሩ ከሥሬ ይንቋቋል። መጣችልኝ ትላለች። ከየት መጣች? ከዝናብ ጋር ወረደች? ይህን ታሪክ በሠርግ ሰምቼዋለሁ፣ በእድር ሰምቼዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን ኳሷ ከሰው እግር ተነስታ አታውቅም።

ሁለታችንም አቃቂ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ፈትል ክፍል፣ ጎን ለጎን ባሉ ማሽኖች ላይ ነበርን። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ላይ ቢጮኹም አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ የምናወራው በእጅ ነበር። መዳፍ ደረት ላይ ከተለጠፈ ካቦው መጥቷል፣ ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ ማለት ነው። ትንሿ ጣት ከተነሳች ክር ተበጥሷል። ጣቷ ወደ ቀኝ ካዘነበለች የተበጠሰው በቀኝ ዳር ነው፣ ሩጪ። አዲስ የገባች ልጅ ይህን ሳታውቅ ወር አትቆይም።

ፋብሪካው የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም ሁለታችንም ገባን። ፈረቃችንን እየቀነሱ ልምምድ ያስወጡን ነበር። ደሞዛችን የሚከፈለው በክር ሠራተኛነት ነው፤ የምንሠራው ግን ኳስ ነበር። እኔ ስድስት ቁጥር ለበስኩ። ታኬታዬ የወንድ ስለነበር አፍንጫው ውስጥ የጥጥ ውዳቂ እጎሰጉስበታለሁ። የመሃል ሜዳ ሰው ሥራው ሲበላሽ እንጂ ሲያምር አይታይም። ኳስ ትቀበላለህ፣ ቀና ትላለህ፣ ትሰጣለህ። ሰው ዓይኑ ከኳሷ ጋር ይሄዳል፤ አንተን ትቶህ።

የእጅ ቋንቋውን ወደ ሜዳ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ተጋጣሚ ምን ይገባዋል? ጣቴን ሳነሳ እሷ ኳሷ ሳትነሳ ትነሳለች። ያን ቀን፣ ከሌላ ፋብሪካ ጋር ለዋንጫ ስንጫወት፣ አንድ የክለብ ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ እያየን ነበር። ኳሷን ደረቴ ላይ አበረድኩ። ትንሿን ጣቴን አነሳሁ፣ ወደ ቀኝ አዘነበልኩ። ሮጠች። ኳሷን ከሁለቱ ተከላካዮች ኋላ አስቀመጥኩላት። አገባች።

ሰውየው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ያገባችው ማናት?"

ወደ ክለቡ ሊወስዳት ሲመጣ የፋብሪካው በር ላይ ያዝኳት። "ስለ እኔም ንገሪው፤ ያቀበለችኝ እሷ ናት በይው" አልኳት። "ምን ነካሽ፣ ሳልነግረው እቀራለሁ?" አለች። ሳትነግረው ቀረች። እኔ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ብዙ ቆይቶ ስጠይቃት ሳቀች። "ምን ጣት ነው የምትይው? አንቺ ደግሞ ሕልም ታያለሽ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መልሷ ይኸው ነው።

እኔንም በኋላ አንድ የክፍለ ሀገር ክለብ ወሰደኝ። በኳስ ብቻ ደሞዝ በልቻለሁ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ግን እዚያ ያሉት አጥቂዎች ፈትል ክፍል አያውቁም። ጣቴን ሳነሳ ዝም ብለው ያዩኛል። አንድ ዳኛማ ሰደበችኝ ብሎ ቢጫ አሳየኝ። ጉልበቴ እምቢ ሲል ተመለስኩና ሳሪስ አቦ ገበያ ሽንኩርት ሸጥኩ። እሷ የክለብ ስም ይዛ ስለወጣች ቢሮ ተቀጠረች። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጦ ጎረቤት አደረገን።

ከካባው በኋላ ጨዋታ አለ ተባለ። ቂሊንጦ ፋብሪካዎች ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ከእኛ ጋር ተቀላቅለው ሁለት ቡድን ሆንን። እሷ ካባዋን አውልቃ ፊት ቆመች። እኔ መሃል ገባሁ፤ ሌላ ቦታ አላውቅም። ለሁሉም አቀበልኩ፣ ለእሷ ግን አልሰጠሁም። ስትጠራኝ ወደ ሌላ ዞርኩ።

አንዲት ልጅ ወደ እኔ መለሰችልኝ። ኳሷን ረገጥኩና ቀና አልኩ። አጥቂዋ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ እያለከለከች ታየኛለች። መጥራት ደክሟት ነው መሰለኝ እጇን አነሳች። ትንሿ ጣት። ወደ ቀኝ።

እግሬ ኳሷ ላይ ደረቀ።

"ማዘር፣ ምን እያሏቸው ነው?" አለቻት አጠገቧ የቆመች ሌላ ልጅ፣ እጇን እያየች።

"የፋብሪካ ነው" አለች አጥቂዋ።

"ምን ማለት ነው?"

"ክር ተበጠሰ… በቀኝ በኩል ሩጪ ማለት ነው።"

"እኛም እኮ ማሽን ላይ በእጅ ነው የምናወራው። ለኳስ ግን አስበነው አናውቅም። የእርስዎ ሐሳብ ነው?"

አጥቂዋ አየችኝ። እኔ ኳሷን አልለቀቅኩም።

"የእሷ ነው" አለች። "ያኔም በጣት ያሳየችኝ እሷ ናት። በቃ ስጪኝ፣ ልቤ ሊወጣ ነው።"

"ማይኩ ላይ ድገሚው" አልኳት።

"አብደሻል? ሰው እያየን ነው።"

"ያኔም ሰው እያየን ነበር።"

ዳኛው ወጣት ነው፤ ፊሽካውን መንፋት አፍሮ "እትዬ፣ ይጫወቱ እንጂ" አለኝ። ሰጠኋት። ለስልሳ ዓመት ጉልበት የሚሆን ኳስ አልነበረም። ያኔ የሰጠኋትን ዓይነት ነው የሰጠኋት፣ ከሁለቱ ተከላካዮች ኋላ፣ ጣቷ ያለችበት ቦታ። ሮጠች። ኳሷ በፊቷ አልፋ፣ ሜዳውን ጨርሳ፣ ድሮ ጤፍ ይዘራበት ከነበረው ማሳ ዳር ያለ ቦይ ውስጥ ገባች። ዳር የቆመ አንድ ሰው "ምን ዓይነት ኳስ ነው ያቀበሏት እባካችሁ" ሲል ሰማሁት።

አጥቂዋ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች።

"ለምን እንዲህ ታፈጥኛታለሽ?"

"ያኔ ደርሰሽባት ነበር" አልኳት።

ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ማይኩ አየሁ። ሽቦውን እየጠቀለሉ ነው። እሷ ካባዋን ደርባ ከወረዳው ሰዎች ጋር ፎቶ ትነሳለች። ቤቴ ገብቼም መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። የሰሙት ሁለት ልጆችና አንድ ዳኛ ናቸው። አይበቃኝም። የፊታችን እሁድ እድር አለን፤ እሷም አትቀርም። እድራችንም ማይክ አለው።