ምች መርፌ አይወድም

ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስ አጠገብ ከአንዲት ቅጠል ሻጭ አንድ እስር ዳማከሴ ገዛሁ። ገና በመዳፌ ሳሸው ያ ጠንካራ ሽታው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ወደነበረው የልጅነት ግቢያችን ይዞኝ ሄደ።

በዚያ ግቢ ለአምስት ቤት አንድ የዳማከሴ ቁጥቋጦ ነበረን። የተከሉት የወሎዋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናቸው። ምች መታው የተባለ ልጅ ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ቅጠሉን አሽተው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቀው አፍንጫችን ውስጥ ጠብ ሲያደርጉልን ዓይናችን በእንባ ይሞላል፤ የቀረውን ግንባራችንንና ደረታችንን ይቀቡናል። ተሸፋፍነን ተኝተን፣ ላብ በላብ ሆነን ስንነሳ ቀሎን እናገኘዋለን። እውነቱን ለመናገር ዛሬም አምንበታለሁ።

ስምንት ዓመቴ ሳለ ታናሽ ወንድሜ ታምራት ገላውን በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሯሯጥ ዋለና ትኩሳት ያዘው። ምች ነው ተባለ። እኔ ቅጠሉን ቀጠፍኩ፣ እናቴ ጨመቀች። በማግሥቱ ግን ባሰበት፤ ያስመልሰው ጀመር፣ ብርሃን ሲያይ ይጮኻል። አባቴ ሐኪም ቤት እንውሰደው ቢል እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ምች የመታው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ያምን ነበር። እናቴ ልጇን በገዛ እጇ ለሞት የምትሰጥ መስሏት ነው እምቢ ያለችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ዘይነባ ገብተው ታምራትን ከትራሱ ቀና ሊያደርጉት ሞከሩ። አንገቱ አልታጠፍ አለ። ይዘውት የመጡትን ቅጠል መሬት አስቀመጡት።

«ይሄ የኔ ቅጠል የሚያውቀው በሽታ አይደለም» አሉ።

«መርፌ ቢወጉትስ እትዬ?» አለች እናቴ።

«ይውጉት። ተነሽ ልጄ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለ። ታምራት የተረፈውም እናቴ በፈራችው በዚያው መርፌ ነው። ሐኪሙ «ትናንት ብታመጡት ኖሮ» ብሎ ጀመረና የእናቴን ፊት አይቶ ተወው። ወንድሜ ወደ ቤት ሲመለስ ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር።

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሷል፤ እኛም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል፣ እትዬ ዘይነባም አርፈዋል። ልጄን ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ ክሊኒክ ነው የምሮጠው፤ ዳማከሴው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሐኪሙ ቀርቦልናል። ሳይጠሩት ገብቶ የታመመ ልጅ ቀና የሚያደርግ ጎረቤት ግን የለኝም፤ ይህም ያሳዝነኛል።

እናቴ ስለዚያ ሦስት ቀን አንስታ አታውቅም። ባለፈው እሑድ ግን ታምራት ሊጠይቃት መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከጓዳ ብቅ ስል በግራው በኩል ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ አየኋት።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለችው ቀስ ብላ።

እሱ ቴሌቪዥኑን ማየቱን ቀጠለ።