እስኪጣራ ድረስ

ክፍሉን ከማየቴ በፊት በጀርባዬ ሰማሁት። በሩ ተዘግቶ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ግድግዳውን ተደግፌ ስቆም፣ ግድግዳው በቀስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ የቡና መፈልፈያ አለ። ሞተሩ ሲሠራ ነቀምቴ አንድ ትልቅ ንብ ሆድ ውስጥ የተኛች ትመስላለች።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" አለችኝ ከጥጉ አንዲት ሴት። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለቷ ነው። ከቀትር በኋላ ነበር።

ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ካለው የኡኬ መንደር የመጣች ናት። ባሏ ከባለ ርስቱ ተጣልቶ ስለተሰወረ በእሱ ፋንታ ተይዛለች። ጋቢዋን ዘርግታ ግማሹን ለቀቀችልኝ።

"ምን አድርገሽ ነው?"

"ጣሳ ተገኘብኝ።"

"የአረቄ?"

"ሽቦ ያለበት።"

"ውይ! አረቄ ቢሆን ይሻልሽ ነበር።"

እውነቷን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ዓመት ተልኬ ፊዚክስ አስተምር ነበር። የመፈልፈያው ሞተር ውስጥ ከሚሽከረከረው አካል ጋር የሚተሻሸው ካርቦን ተፍቆ አልቆ ብልጭ ብልጭ ይላል። የብልጭታው ረብሻ በመብራት መስመር ተሳፍሮ በየቤቱ ይገባል። ራዲዮ የከፈተ ሁሉ ዜናና ዘፈን ሳይሆን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል። ለዚህ መላ ብዬ የመዳብ ሽቦ ጠቀለልኩና፣ አኖ ከተማ ላይ ከቆመ አሮጌ የጭነት መኪና ከተፈታ፣ ብልጭታ ከሚውጥ ኮንደንሰር ጋር አገናኝቼ በወተት ጣሳ ውስጥ አሰናዳሁት። ሳልገጥመው ተማሪዎቼ ስለ መሬት እየጮኹ ሰልፍ ወጡ፤ ቤቴም ተፈተሸ።

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ፊት ሲያቀርቡኝ ጣሳው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አጠገቡ ራዲዮው ይዘንባል።

"የመንግሥትን ዜና የምታፍኚው በዚህ ነው?"

ድምፄ ከልጅነቴ ዝቅ ያለ ነው። የመለስኩለት አልተሰማም።

"ጩኺ እንጂ!"

አልጮህኩም። መፈልፈያው ውስጥ ቡና ሊጨመር ሞተሩ ሲቆም ራዲዮው አባራ።

"ማጣሪያ ነው፣ ጌታዬ" አልኩ ያን ጊዜ።

"ማጣራትማ የእኛ ሥራ ነው። ይኼ ምን ያጣራል?"

"ጩኸት።"

"የማንን ጩኸት?"

ሞተሩ ተነሣና መልሴን ዋጠው። ሻምበሉ ግን ጉሮሮ ነበረው፤ ከጩኸቱ በላይ ሆኖ ነገረኝ። ነገ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው መኪና እሄዳለሁ፤ እዚያ የሚያጣሩ አሉ። እዚያ ከተላኩት ውስጥ የተመለሰ አላውቅም። ሞተሩ ዳግመኛ እስኪቆም ጠበቅሁ።

"እኔ እዚህ ነኝ። ጣሳውም እዚህ ነው። ራዲዮዎ ግን ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይጮኻል።"

ጣሳውን አገላብጦ አየው። "ራዲዮው ላይ ነው የሚገጠመው?"

"አይደለም። ጩኸት የሚያዘው ከምንጩ ነው።"

ግቢውን አቋርጠን ወደ መፈልፈያው ሄድን። የቡና ገለባ በአየር ላይ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ አልተሰማኝም። የሞተሩ ጠባቂ መብራቱን ቆረጠልኝ። ጣሳውን ከሞተሩ አጠገብ መስመሩ ላይ አሰርኩና አንዱን ሽቦ እርጥብ መሬት ውስጥ ከገባ ብረት ጋር አያያዝኩት።

"ቲቸር፣ አይፈነዳም?" አለ ጠባቂው።

ሻምበሉ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ቆመ።

ሞተሩ ተነሣ። መሬቱ እንደ ወትሮው ተንቀጠቀጠ፤ ከሻምበሉ መስኮት ግን ክራር ወጣ። ከዚያ ከጎረቤት ያው ክራር፣ ከዚያም ከወደ ባኬ ጃማ ሰፈር ራቅ ብሎ ያው ክራር። ሰዎች ዝናቡ ያባራ መስሏቸው ይሁን እንጃ፣ በየበራቸው ብቅ እያሉ ሰማይ ሰማዩን አዩ። እጄ ላይ የመዳብ ሽታ ነበር። መታሰሬን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ስንመለስ ሻምበሉ ወንበር ሰጠኝ።

"ይኼ ተጣራ" አለ ፈገግ ብሎ። "ከምንጩ ነው የሚያዘው አልሽ አይደል? እንግዲህ የሰልፉን ምንጭ ንገሪኝ። ማን ማን ናቸው? ስማቸውን ሰጥተሽኝ ወደ ቤትሽ።"

የገዛ ትምህርቴ ነበር። ራዲዮው በዝግታ ይዘፍናል፤ የምደበቅበት ጩኸት የለም።

"ሞተሩ የሚጮኸው ካርቦኑ ተፍቆ ስላለቀ ነው" አልኩ። "እኔ ጩኸቱን ሸሸግሁት እንጂ ያለቀውን አልተካሁም።"

"ስም ነው የጠየቅሁሽ።"

"የማውቀው ይህን ነው።"

"ምን? ጮክ ብለሽ ተናገሪ!"

"ሰምተውኛል፣ ሻምበል።"

እጁን ዘርግቶ ራዲዮውን አጠፋ። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ ጉዳዬ እስኪጣራ ድረስ እዚያው እንድቆይ አዘዘ። ስለ አዲስ አበባው መኪና ግን አላነሣም።

"ምን አድርገሽ ነው ከተማው የዘፈነው?" አለችኝ ወደ ክፍሉ ስመለስ የኡኬዋ ሴት። ነገርኳት።

"ስም ሰጠሻቸው?"

"አልሰጠሁም።"

ጋቢውን በሁለታችንም ላይ ሳበችው። "ነጋን ቡሊ፣ ኢንተላ ኮ።" በሰላም እደሪ ማለቷ ነው። በበሩ ስንጥቅ ገና ፀሐይ ይገባ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ፣ በንዝረቱ ውስጥ ያን ክራር ከሩቅ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ክረምቱ ሲወጣ "ሂጂ" አሉኝ። ጣሳውን አልጠየቅሁም፤ መስመሩ ላይ ቀረ። ጉዳዬ ተጣርቶ እንደሆነም እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አሁን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራለሁ። ማጣሪያው በብረት ሣጥን ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ገጥሞ መሄድ ብቻ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሞተሩን አስቆማለሁ፤ ክዳኑን ፈትቼ ካርቦኑን አያለሁ።